«ሜዞን ኢኮኩ»ን ልቀጥለው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ 26 ዓመቴ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅሁ ሦስት ዓመት ሞላኝ፤ እስካሁን ቋሚ ሥራ የለኝም። መኖሬ ለምን እንደሚጠቅም ግራ በገባኝ ሰሞን አንድ ጓደኛዬ ‹አንብበው፣ ስለ አንተ ነው› ብሎ ‹ሜዞን ኢኮኩ› የተባለውን የጃፓን የፍቅር ማንጋ (ሥዕላዊ ታሪክ) ሰጠኝ። ከ15ቱ ቅጽ ሰባቱን ጨርሼ ቆሜያለሁ። ልጁ ፈተና ይወድቃል፣ ገንዘብ የለውም፣ የሚወዳትን ሴት ደፍሮ አይነግራትም፤ ጎረቤቶቹ ይጠጣሉ፤ በቃ። ምንም አይከሰትም። ሰዎች ስለ ሕይወት ትርጉምና ዋጋ ነው የሚሉት ምኑን አይተው ነው? ልቀጥል ወይስ ልተወው? መጨረሻውን ቢነግሩኝ ቅር አይለኝም።»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ቀጥል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው የተውኩት አንተ የቆምክበት አካባቢ ነው። ሥዕላዊ ታሪክ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን ማንጋ ከሌላው ሁሉ አብልጬ ደጋግሜዋለሁ። የሚመልሰኝ ያኔ «ምንም የለበትም» ብዬ የገለበጥኳቸው ገጾች ናቸው። መጨረሻውን መስማት አይከፋኝም ስላልከኝ እንደልቤ እናገራለሁ። ይህ ታሪክ ቀድሞ በመሰማቱ የሚጎዳ አይደለም።

ከጊዜ ልጀምር። ሩሚኮ ታካሃሺ ይህን ሥራ የጀመረችው በ1980 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዳቸው)። ገና የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። «ቢግ ኮሚክ ስፒሪትስ» የሚባለው የአዋቂ ወንዶች መጽሔት ሲመሠረት አብሮ ጀመረ፤ በ1987 በ161ኛው ምዕራፍ አበቃ። በእነዚያው ዓመታት ጎን ለጎን ስትስለው የነበረው ሌላው ታዋቂ ሥራዋ «ኡሩሴይ ያትሱራ» ላይ ገጸ ባሕርያቱ አያረጁም፤ ዓመቱ ቢዞርም ያው ተማሪ እንደሆኑ ይኖራሉ። በ«ሜዞን ኢኮኩ» ግን አንባቢው ዓመት ሲጨምር ዋናው ገጸ ባሕርይ ዩሳኩ ጎዳይም ይጨምራል። ክረምቱ ሲገባ እነሱም ጋ ይገባል፤ የጎረቤቷ የወይዘሮ ኢቺኖሴ ልጅ ኬንታሮ በዓይናችን ፊት ያድጋል። በ1980 መጽሔቱን መግዛት የጀመረ የጎዳይ እኩያ፣ ታሪኩ ሲያልቅ እሱም ወደ ሠላሳው እየተጠጋ ነበር። ስለዚህ ሰባቱን ቅጽ በአንድ ሳምንት የሚጨርስ ሰው ሳይታወቀው ይበደላል። የሦስት ዓመት ጥበቃ በሦስት ቀን ሲነበብ ስንፍና ይመስላል፤ አንተ ደግሞ ሦስት ዓመት መጠበቅ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃለህ።

ስሙም ይህንኑ ይናገራል። «ሜዞን» ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ ቤት ማለት ነው። «ኢኮኩ» ደግሞ አንድ አፍታ። የአፍታ ቤት፤ ጎዳይና ጎረቤቶቹ የሚኖሩበት የኪራይ ቤት ስም ነው። ጎዳይ በዚህች አፍታ ውስጥ ሰባት ዓመት ገደማ ይኖራል።

ጎዳይን ስናገኘው «ሮኒን» ነው። ቃሉ ድሮ ጌታ ያጣ ሳሙራይ መጠሪያ ነበር፤ ዘመናዊዎቹ ጃፓኖች የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ወድቆ ለሚቀጥለው ዓመት የሚያጠናን ልጅ ይሉበታል። የትም ያልተመዘገበ፣ «ምን ትሠራለህ?» ሲሉት መልስ የሌለው ሰው። የ12ኛ ክፍል ውጤት የወጣበትን ቀን የምታስታውስ ከሆነ የዚህን ስሜት ላስረዳህ አይገባኝም። በሁለተኛው ሙከራ ያልፋል፤ የሚገባበት ግን ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ ሲመረቅ ምን እንደሚጠብቀው እሱም ያውቃል፣ ጎረቤቶቹም ያውቃሉ፣ በየምሽቱም እየጠጡ ያስታውሱታል።

አሁን ወደ «ምንም አይከሰትም» ልምጣ። ያነበብካቸውን ገጾች እንደገና አስብ። ጎዳይ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የአሻንጉሊት ቲያትር ክበብ ይቀላቀላል። ስታነበው ቀልድ መስሎህ አልፈኸው ይሆናል፤ እኔም አልፌዋለሁ። ኬንታሮ ብቻውን ሲሆን አብሮት የሚጫወተው፣ ሰካራሞቹ ሲረሱት የሚያስታውሰው ማን ነበር? ጎዳይ ራሱን የሚለካው በሁለት ሚዛን ብቻ ስለሆነ ይህን አያየውም፤ አንደኛው ፈተናና ሥራ፣ ሁለተኛው የቤቱ አስተዳዳሪ ኪዮኮ ዛሬ ፈገግ ብላልኛለች ወይስ ተቆጥታለች የሚለው ነው። እኛም በእሱ ዓይን ስለምናይ አናየውም። ታካሃሺ ግን ሥላዋለች። ልጁ የሚኖርለትን ነገር ባነበብካቸው ቅጾች ውስጥ እጁ ላይ አስቀምጣለት፣ ብዙ ቅጽ ሳያውቀው እንዲዞር ትተወዋለች። ከዚህ የበለጠ የሚከሰት ነገር እኔ አላውቅም።

ከሰባተኛው ወዲያ የሚመጣውን ልንገርህ። ለማስተማር ልምምድ ኪዮኮ ወደተማረችበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሄዳል። እዚያ ያጋሚ የምትባል ተማሪ ትወደዋለች። ኪዮኮ ራሷ በተማሪነቷ ያፈቀረችው እዚያው ያስተምር የነበረውን ሶይቺሮን፣ የሞተባትን ባሏን ስለነበር፣ ያጋሚን ስታይ ወጣትነቷ በር አንኳኩቶ የመጣባት ያህል ትደነግጣለች። ይህ ክፍል በጣም ጥሩ ነው፤ አልፈህ አትሂድ። ከዚያ ምረቃ ይመጣል፣ ሥራ ፍለጋ ይመጣል። በስንት መከራ አንድ ትንሽ ኩባንያ ይቀበለዋል፤ ሥራ ሳይጀምር ኩባንያው ይከስራል። በሕፃናት ማቆያ የሚያገኛት ጊዜያዊ ሥራም ከእጁ ትወጣለች።

የት እንደሚደርስ ታውቃለህ? የምሽት ጭፈራ ቤት። በቀን በራሪ ወረቀት ያድላል፤ ማታ ጓሮ ባለች ክፍል፣ እናቶቻቸው ከእንግዶች ጋር እየጠጡ ሲሠሩ የሚጠብቋቸውን ልጆች ይይዛል። ያፍርበታል። ለኪዮኮም ደብቋት በየቀኑ ወደ ማቆያው የሚሄድ መስሎ ይወጣል። ይህን ክፍል ሳነብ ደረቴ ላይ የሚጫነኝ ነገር አለ፤ ብዙ ወጣት እንዲህ ከቤት ሲወጣ አይቻለሁ። ያቺ የጓሮ ክፍል ናት እንግዲህ ለእኔ የመጽሐፉ ልብ። ማንም አያያትም፤ ሽልማት የላትም፤ ለኪዮኮ እንኳ ልትነገር አትችልም። ልጆቹ ግን ጎዳይ ሲመጣ ይከቡታል፤ ሲቀር ይጠይቃሉ። ስለ ዩኒቨርሲቲው ደረጃ የሚጠይቅ ልጅ የለም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ለኪዮኮ ብሎ ሳይሆን ራሱ ስለፈለገው ይወስናል፤ የሕፃናት ተንከባካቢነት የሙያ ፈቃድ ሊፈተን። ፈተና እየወደቀ የመጣው ልጅ አሁንም ፈተና ነው የሚቀመጠው፤ የሚያጠናበት ምክንያት ግን ሌላ ሆኗል።

እዚህ ላይ ጃፓን ላልኖረ አንባቢ የሚያመልጥ ነገር አለ። በዚያ ዘመን የሙያው ሕጋዊ መጠሪያ «ሆቦ» ነበር፤ «እናት» የሚለው ፊደል ውስጡ አለበት። ወንዶች ፈቃዱን እንዲያገኙ የተፈቀደው በ1977 ነው፤ ማንጋው ከመጀመሩ ሦስት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ። ጾታ የማይለየው መጠሪያ የመጣው በ1999 ነው። ስለዚህ ታካሃሺ በአዋቂ ወንዶች መጽሔት ላይ፣ ወንድ ልጅ በኩባንያ ስም በሚመዘንበት ዘመን፣ ጀግናዋን የእናት ስም ያለው ሙያ ሰጠችው። አንድም ሰው ቆሞ ንግግር አያደርግበትም፤ አንድ ምሽት ሕፃን ሲተኛለት ታሳየንና ገጹን ትዘጋዋለች።

ስለ ኪዮኮ አልጠየቅኸኝም። መጽሐፉ ግማሹ የእሷ ስለሆነ ግን ልዝለላት አልችልም።

ስሞቹን ልብ ብለሃል? ኢቺኖሴ በስሟ ውስጥ ቁጥር አንድ አለባት፣ ክፍሏም ቁጥር አንድ ነው። ግድግዳ ቀዶ የሚገባው ዮትሱያ አራት ነው፤ አኬሚ ሮፖንጊ ስድስት። ባለሀብቱ የቴኒስ አሠልጣኝ ሚታካ ሦስት፣ ኮዙኤ ናናኦ ሰባት። ጎዳይ አምስት ነው። የኪዮኮ የባሏ ቤተሰብ ስም ግን ኦቶናሺ ነው፤ ድምፅ የሌለው ማለት ነው፣ ቁጥሯም ዜሮ። ሌሎቹ የሚቆጠሩት በእሷ ዙሪያ ነው፤ በእሷ መካከል ያለው ግን ባዶነት ነው።

የውሻውን ነገር አንስቼ ሳስተምር ሁልጊዜ አንድ ሰው ይቆጣል። ኪዮኮ ውሻዋን በሟች ባሏ ስም ሶይቺሮ ብላ ትጠራዋለች። አንዲት ተማሪዬ «ይህ ለሟች ንቀት ነው፣ እኛ ዘንድ ሰው ስም አያወጣም እንዲህ» ብላ ነበር፤ ቁጣዋ ገብቶኛል። ነገር ግን ውሻውን ወደ ቤት ያመጣው ሶይቺሮ ራሱ መሆኑን አስብ። ኪዮኮ ከተጋቡ ዓመት ሳይሞላ ነው መበለት የሆነችው። ስሙን በቀን ደጋግማ ጮክ ብላ ለመጥራት፣ ጠርታም «አቤት» የሚል ነፍስ ለማግኘት ሌላ መንገድ አልነበራትም። እኛ አገር ያዘነች ሴት በለቅሶው ላይ የሟችን ስም እየጠራች ታነባለች፤ ሰውም ይቀበላታል። ኪዮኮ አርባም ሰማንያም ካለፈ በኋላ ስሙን የምትጠራበት ቦታ አጣች፤ በውሻው ጠራችው። ደግሞ ተመልከት፣ የሶይቺሮ ፊት በመጽሐፉ ሁሉ ግልጽ ሆኖ አንድም ጊዜ አይታይም። ፎቶው ላይ እንኳ ጥላ ነው። ጎዳይ የሚፎካከረው ፊት ከሌለው ሰው ጋር ነው፤ ፊት የሌለው ሰው አያረጅም፣ ከሥራ አይባረርም፣ ሰክሮ አይወድቅም።

ኪዮኮን የሚፈልጋት ሌላው ሰው ሚታካ ደግሞ ሁሉ ያለው ነው፤ መልክ፣ ገንዘብ፣ ቤተሰብ፣ ጨዋነት። አንድ ነገር ይጎድለዋል፦ ውሻ ይፈራል። ማኬንሮ የሚባል ትንሽ ውሻ ይዞ ፍርሃቱን ለመልመድ ይታገላል፤ ይህን ሳይ ሁልጊዜ አዝንለታለሁ፣ ምክንያቱም ትግሉ እውነተኛ ነው። የሟቹ ስም ያለበትን ውሻ ለማቀፍ የመጣው ግን ጎዳይ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ኖሮ፣ አብሮት ተዘዋውሮ።

የኪዮኮ ጭንቀት «ማንን ላግባ» የሚል መስሎ ይታያል፤ እኔ የማነበው ግን ሌላ ነው። እንደገና ብወድ፣ ያኔ ሶይቺሮን የወደድኩት ሁሉ ውሸት ይሆናል ብላ ትፈራለች። ወላጆቿ «ገና ልጅ ነሽ፣ አግቢ» ይሏታል፤ የቤቱ ባለቤት የሆኑት የሟች አባት እንኳ በደግነት ወደ አዲስ ኑሮ ይገፏታል። ማንም ግን ፍርሃቷን አይነካውም። የሚነካው ጎዳይ ነው፤ እሷ እንደምትሰማው ሳያውቅ፣ ሶይቺሮ መቃብር ፊት ቆሞ። እርሷን ካገኘኋት ቀን ጀምሮ አንተ በልቧ ነበርክ፤ አንተን ጨምሬ ነው የምወስዳት ይለዋል። ከሰባት ዓመት በፊት የነበረው ጎዳይ ይህን ሊል አይችልም ነበር። በጓሮ ክፍሏ የሰው ልጆችን ከነታሪካቸው፣ አባቶቻቸውን ሳይጠይቅ ሲያቅፍ የከረመ ሰው ግን ይችላል። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙት እዚህ ነው።

ኪዮኮም «እሺ» ስትለው የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከእኔ አንድ ቀን እንኳ ቢሆን ዘግይተህ ሙት። ከዚህ በኋላ ብቻዬን መኖር አልችልም። ሲለምናት ደግሞ ባዶ እጁን አልነበረም፤ የሰከሩትን አባቷን ተሸክሞ ነበር። ታካሃሺ ቀለበትና ሙዚቃ ያለበትን ምሽት ትታ ጀርባው ላይ አዛውንት አስቀመጠችለት።

ስለዚህ ጥያቄህን በአጭሩ ከመለስኩት፣ ጎዳይ ዋጋውን ከኪዮኮ አላገኘም። ኪዮኮ በዚያ ቤት እንዲቆይ ምክንያት ሆነችው፤ ቆይታው ደግሞ ሰው አደረገው። የእሷ «እሺ» የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ አንተም ማንሳትህ አይቀርም። እሺ ባትለውስ? ታሪኩ በሠርግና በልጅ ባይዘጋ ኖሮ የጓሮ ክፍሏ ይህን ያህል ታበራ ነበር? እውነቱን ለመናገር ‹ሜዞን ኢኮኩ› ይህን አይመልስም። የሚመልሰው ቺካ ኡሚኖ ከ2000 እስከ 2006 የሠራችው «ሃኒ ኤንድ ክሎቨር» ነው፤ 10 ቅጽ ነው፣ በ2003 የኮዳንሻን የማንጋ ሽልማት አግኝቷል። የሥነ ጥበብ ተማሪው ታኬሞቶም እንዳንተ መመረቁ ሲደርስ ምን መሆን እንደሚፈልግ ይጠፋዋል። አንድ ቀን ብስክሌቱን ይዞ ከቶኪዮ ይነሳና ወደኋላ ሳይመለስ እስከ ጃፓን ሰሜናዊ ጫፍ እስከ ዋካናይ ይነዳል። በመንገዱ አሮጌ ቤተ መቅደሶችን ከሚጠግኑ አናጺዎች ጋር ይሠራል፤ በኋላ ሙያው ያ ይሆናል። ሃጉሚ የምትባለውን ሠዓሊ ይወዳታል። አታገባውም፤ ሌላ ሰው ትመርጣለች። ሊሄድ ባቡር ሲሳፈር ግን እየሮጠች መጥታ በማር የተቀባ ዳቦ በሣጥን ትሰጠዋለች፤ በየዳቦው መካከል ባለ አራት ቅጠል ክሎቨር አለ፣ እኛ ማገጥ የምንለው ሣር። ባለ አራቱን ቅጠል አንድ ለማግኘት ሜዳ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሰው ነው የሚያለቅሰው። ታኬሞቶ ያልተሳካ ፍቅር ትርጉም ይኖረው ይሆን እያለ ሲጠይቅ የኖረውን እዚያ ባቡር ውስጥ ይመልሳል፤ ነበረው ይላል። ሁለቱን ማንጋዎች አከታትለህ ብታነብ ደስ ይለኛል፤ መጀመሪያ ይህንን ጨርስ።

ደካማ ጎኑንም አልደብቅህም። ከዘጠነኛው ቅጽ ወዲያ አንዳንድ አለመግባባት ከሚገባው በላይ ይረዝማል። ሞባይል ባልነበረበት ዘመን አንድ ያልደረሰ መልእክት ሦስት ምዕራፍ ማንቀሳቀስ መቻሉ እውነት ነው፤ አራተኛው ላይ ግን ይታክታል። ሚታካ በአንድ የተሳሳተ ግምት የተነሳ አሱና ኩጆን የሚያገባበት ክፍልም ለእኔ ቀለል ያለ መፍትሔ ነው፤ ያን ያህል የታገለ ሰው የተሻለ መሸኛ ይገባው ነበር። ዮትሱያ ቀዳዳ እያበጀ የሚያሾልቅባቸው ቀልዶችም ዛሬ እንደዚያን ጊዜ አይነበቡም። እነዚህን ቶሎ ብለህ እለፋቸው። ቀስ ብለህ የምታነበው ማንም የማይናገርባቸውን የሥዕል ሣጥኖች ነው፤ ኪዮኮ ግቢውን ስትጠርግ፣ በረዶ ሲጥል፣ ጎዳይ ደረጃው ላይ ቆሞ ሲያመነታ። ከቀኝ ወደ ግራ በሚነበበው ገጽ ላይ ታካሃሺ ጊዜን የምትቆጥረው በእነሱ ነው።

ጓደኛህ «ስለ አንተ ነው» ያለህን በተመለከተ፣ እኔ አላውቅህምና ልፈርድ አልችልም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። በእነዚህ ሦስት ዓመታት፣ ሥራ ስላልሆነ ያልቆጠርከው፣ ቀርተህ ቢሆን ኖሮ ግን «የት ሄደ?» የሚል ሰው የነበረበት ምን ነገር ነበር? የጎረቤት ልጅ ማስጠናት ሊሆን ይችላል፣ የታመመች አክስት ሐኪም ቤት ማድረስ ሊሆን ይችላል። ሥራ መፈለግህን ተው ማለቴ አይደለም፤ ጎዳይም አልተወም፣ ፈቃዱን ለማግኘት ሌሊት ሲያጠና አድሯል። ምን እንደሚፈልግ የተገለጠለት ግን ማመልከቻ በሚጽፍበት ጠረጴዛ አልነበረም። አሻንጉሊት ሲያንቀሳቅስ የነበረውን እጁን ዘግይቶ ነው ያየው።

ስምንተኛውን ቅጽ ከመክፈትህ በፊት የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንዴ ድገመው። ጎዳይ በጎረቤቶቹ ሁካታ ተማርሮ «ከዚህ ቤት ዛሬውኑ እወጣለሁ» ብሎ ሲነሳ፣ ኪዮኮ ውሻዋን አስከትላ አዲሷ አስተዳዳሪ ሆና በር ላይ ትገኛለች። ከዚያ ቀጥል። 15ኛው ቅጽ መጨረሻ ላይ ኪዮኮ በዚያው በር አዲስ የተወለደችውን ሃሩካን አቅፋ ትመጣለች፤ ለሕፃኗም ይህ ቤት ከአባትሽ ጋር መጀመሪያ የተገናኘንበት ነው ትላታለች። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ዘርግተህ በሩን ተመልከተው።